የመሞከሪያ መዝሙር

ባለቤቴ መታጠቢያ ቤት ገብቶ መዝሙር ሲዘምር የሰማችው እናቴ ናት። እኔ ብሰማው ኖሮ በሩን ደብድቤ አስቆመው ነበር፤ ነገሩም እዚያው ውሃው ሥር ያልቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ እኔ ጓዳ ሻይ ሳፈላ እማዬ ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ኮሪደሩ ላይ ተራዋን ትጠብቅ ነበር። ቤታችን ጠባብ ነው፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ሰውና ሰው ሲተላለፍ አንዱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍበት ኮሪደር፣ ከዚያ በሩ ከታች የተበላ መታጠቢያ ቤት። በተበላው በር ሥር እንፋሎትም፣ የሳሙና ሽታም፣ ድምፅም ይወጣል። የዚያን ቀን ጠዋት የወጣው ድምፅ «ሌቱ ቢረዝምም ዘይቴ ቢያልቅብኝ፣ አንተ በደጄ ነህ ጨለማው ምን ሊለኝ» የሚል ነበር። ያውም በወፍራም ድምፅ፣ ያውም ከልብ።

ታዲያ ይሄ ምን ያስደንቃል የሚል ሰው ባለቤቴን አያውቀውም። ባለቤቴ አያምንም። ተደብቆም አይደለም፤ «ምሳ በላህ ወይ» ሲባል «አልበላሁም» እንደሚል ሰው ነው «አላምንም» የሚለው። አይከራከርም፣ አያሾፍም፣ በቃ አያምንም። እናቴ ደግሞ የጸሎት ቤቱ ዘበኛ ሳይነቃ ደጁ ላይ የምትገኝ ሴት ናት። እኔ ከሁለቱ መሀል ነኝ። አምናለሁ፣ ግን መዝሙር ሲጀመር እንቅልፌ ይመጣል። እማዬ በክርኗ ስትጎስመኝ ነቅቼ አሜን እላለሁ፤ አንዳንዴም ማስታወቂያ እየተነበበ አሜን ብዬ አሳፍሬያታለሁ።

ሁለቱ አይነጋገሩም ነበር። ያኳረፋቸው ሾርባ ነው። እማዬ እኛ ጋ የገባች ሰሞን ነው፤ እራት ቀርቦ የምግቡ ጸሎት ረዘመ። ለታመሙት ተጸለየ፣ ለመንገደኞች ተጸለየ፣ ፎቅ ላይ ላለችው ጎረቤታችን ጉልበት ተጸለየ። አንገቴን ደፍቼ ሳለሁ ማንኪያ ሳህን ሲነካ ሰማሁ። ባለቤቴ ሾርባውን ይጠጣል። «ምነው፣ አሜን ሳንል?» ስትለው «እየበረደ ነው እኮ እማማ» አላት። ያ ቃል የመጨረሻቸው ሆነ። ከዚያ ወዲህ እማዬ፣ ሰውዬው አጠገቧ ተቀምጦ፣ «ለሰውዬው ንገሪው፣ ጫማውን ከበሩ ላይ ያንሳ» ትለኛለች። እሱም ዓይኑን ሳህኑ ላይ ተክሎ «እማማን ጠይቂልኝ፣ ቴሌቪዥኑን ልቀንሰው ወይ?» ይለኛል። ስልክ እንኳ አንዳንዴ ኔትዎርክ ይጠፋበትና ያርፋል፤ እኔ ማረፊያ የለኝም። የሰው ቤት በጭቅጭቅ ሲናጋ እሰማለሁ፤ እኔን ያስረጀኝ ግን የሁለቱ ዝምታ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ሁለቱም ደግሞ ደጎች ናቸው፤ እሱ ጫማዋን ሳትነግረው ያሰፋላታል፣ እሷ ሸሚዙን ሳይነግራት ትተኩሳለች፣ ግን ፊት ለፊት «ደህና እደሩ» «ደህና እደር» እንኳ የላቸውም።

ቁርስ ላይ ነገሩ ፈነዳ። ባለቤቴ ፀጉሩ ውሃ እያንጠባጠበ ተቀመጠ፣ እማዬ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ነጥቃኝ መጣች፣ አጎንብሳም ቀዳችለትና «ልጄ፣ ስኳር ስንት ላድርግልህ?» አለችው። ባለቤቴ ዞር ብሎ ኋላውን አየ። ከኋላው ግድግዳ እንጂ ሰው የለም። ስኳር ከተወ ቆይቷል፤ ሐኪምም ከልክሎታል። «ሦስት እማማ» አላት። ሦስት አደረገችለት፣ አማሰለችለት፣ ቆማም እስኪጨርስ ጠበቀችው። መድኃኒት እንደሚጠጣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጨለጠው።

ወዲያው ጓዳ ስባ አስገባችኝና አለቀሰች። በጆሮዋ እንደሰማች ነገረችኝ። ያን መዝሙር፣ ያውም ከአዝማች እስከ አዝማች፣ አንድ ቃል ሳያዛንፍ። «እማዬ፣ ምናልባት እንዲሁ አፉ ላይ መጥቶ ይሆናል» ብላት «አንቺ እንቅልፋም፣ ምን ታውቂያለሽ» አለችኝ። ይህን ስትል ስልኳ ጆሮዋ ላይ ደርሷል። የምትደውለው ለጋሽ ቀስ-በሉ ነው። ጋሽ ቀስ-በሉ የመዘምራኑ መሪ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ሁለቱን እጃቸውን እንደ ክዳን ወደ ታች እየተጫኑ መዘምራኑን «ቀስ በሉ፣ ቀስ በሉ» ሲሉ ስለሚውሉ ስሙ ወጣላቸው። ማታ ቤት መጥተው ባለቤቴን እንዲቀበሉት ተቀጣጠሩ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

መዝሙሩ ከየት እንደመጣ ግን እኔ አውቃለሁ። ሱቃችን በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ናት። ፊት ለፊት እኔ አምፖል፣ ቻርጀርና ገመድ እሸጣለሁ፤ ከመጋረጃው ኋላ እሱ በሚቀልጥ እርሳስ ሽታ ተከቦ ሬዲዮና ስፒከር ይጠግናል። ጠጋኝ ሁሉ አንድ የመሞከሪያ ዘፈን አለው፤ ሠርቶ ሲጨርስ ሁልጊዜ ያንኑ ይከፍትና የጎደለ ድምፅ ካለ ይለያል። የሱ አንድ ከበሮውም ፉጨቱም የሚያደነቁር የሰርግ ዘፈን ነበር። ኋላ የጸሎት ቤቱ ትልቁ ስፒከር ተቃጥሎ መጣ። ሲመጣ ፍላሹ ከነመዝሙሩ እዚያው ተሰክቶ ነበር። ሠራው፣ ባለው ነገር ልሞክረው ብሎ ከፈተው፣ ከፍቶም ቀረ። የሰርጉ ዘፈን ከዚያ ቀን ወዲህ ተረሳ። ጋሽ ቀስ-በሉ «ደረሰ ወይ?» ብለው ሲደውሉ «ባሱ፣ ወፍራሙ ድምፅ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ይላቸዋል። እንደገና ሲደውሉ እንደገና ይቀረዋል። እማዬም ማታ ማታ «ለሰውዬው ንገሪው፣ ስፒከሩን ያፋጥን፤ ስፒከሩ ከሄደ ወዲህ ኋላ ለምንቀመጥ አሮጊቶች የዘማሪዎቹ አፍ ሲከፈት ነው እንጂ የሚታየን የሚሰማን ነገር የለም» ትላለች። እነግረዋለሁ። እሱም «ባሱ ይቀረዋል በያት» ይላል፣ ጆሮው እየቀላ።

ያን ዕለት ሱቅ እንደከፈትን ከፊታችን ያለችው ጫማ ሻጭ መጣች፣ አምፖል ልትገዛ ነው ብዬ ተነሣሁ። ለካ ልትከሰኝ ነው። «እህቴ፣ ጫማ ልሽጥ ወይስ ንስሐ ልግባ?» አለችኝ። ደንበኛዋ ባለ ተረከዙን ጫማ አድርጋ በመስታወት እያየች ሳለ ይህ መዝሙር ሲጀምር ሰው ሁሉ ልቡ እየተነካ ጫማውን አውልቆ ይወጣል አለች። ዋጋ ብትቀንስም አልሆነላትም። ባለቤቴ ከመጋረጃው ኋላ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ እሷ ስትወጣ መልሶ ከፍ አደረገ። እኔም መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ዓይኑን ጨፍኗል፣ በአንድ እጁ መበየጃ ይዟል፣ በሌላው እጁ ስፒከሩን እንደ በግ ያሻሻል።

«አምነሃል ወይ?» አልኩት።

«አላመንኩም።»

ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ስለው፣ ደስ ይለኛል አለ። ከዚያ ስለ ዜማው ይነግረኝ ጀመር፤ ከተጋባን ጀምሮ ስለ ምንም ነገር እንዲያ አውርቶልኝ አያውቅም። ሴቶቹ ወደ ላይ ወጥተው «ዘይቴ ቢያልቅብኝ» ሲሉ፣ ትንፋሻቸው ሊያልቅ ሲል፣ ወንዶቹ ቀስ ብለው ከሥር ይገቡና ይደግፏቸዋል፣ ደረጃ ላይ ልትወድቅ ያለች አሮጊት ክንዷን ያዝ እንደ ማድረግ ነው አለኝ። «እሺ፣ ‹አንተ በደጄ ነህ› ስትል ማንን ነው አንተ የምትለው?» ብዬ አፋጠጥኩት። «አላውቅም። እየዘመርኩት ሳለ አንድ ሰው በሩ ላይ የቆመ ይመስለኛል። ሲያልቅ ማንም የለም። ስለዚህ እንደገና እከፍተዋለሁ» አለ። እውነት ለመናገር ቀናሁበት። ይኸው ዕድሜዬን ሙሉ አምኜ እኔ በሩ ላይ ማንም ቆሞልኝ አያውቅም፤ ቢቆምም ተኝቼ ነው የሚሆነው።

ቅናቱን ዋጥ አደረግኩና ወደ ጉዳዬ ሄድኩ። ማታ ሲመጡ ዝም እንዲል ለመንኩት። አምኛለሁ እንኳ አይበል፤ ዝም ብቻ ይበል፣ ብስኩቱን ይብላ፣ እነሱ የሚሉትን ይበሉ። እማዬ ልጄ ብላዋለች፤ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ዘመን ጠብቄያለሁ፣ አሁን በአንዲት «አላምንም» ሊያበላሽብኝ ነው። ባለቤቴ መበየጃውን አስቀመጠና «በእናንተ ዘንድ ውሸት ኃጢአት አይደለም እንዴ?» አለኝ። እንግዲህ እዩት፤ አማኟ እኔ ውሸት አስተምራለሁ፣ የማያምነው ሰውዬ አሥርቱን ትእዛዛት ይጠብቃል። «ቤታችን ሰላም ይሁን ብዬ ነው» ብለው፣ እምነት ሹራብ መስሎሻል ወይ እሷን ደስ ይበላት ብዬ የምለብሰው አለ። እንደ በቅሎ ግትር ነው። ተናድጄ ወጣሁና አንድ ቻርጀር ለአንድ ምስኪን ሰው ከዋጋው በላይ ሸጥኩለት፤ ኋላ ጠርቼ ትርፉን መለስኩለት እንጂ።

ቀትር ላይ ሱቁ ጭር ሲል ባለቤቴ ስፒከሩን እስከ መጨረሻ ከፍቶት ሳለ ጋሽ ቀስ-በሉ ከተፍ አሉ። እማዬ ማታ እንዲመጡ ብትነግራቸውም አላስቻላቸውም። በሩ ላይ ቆመው የራሳቸውን መዘምራን በራሳቸው ስፒከር ሰሙ። ተያዘ አልኩ በልቤ። ሰውየው ግን እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ባመነበት ቀን ተሠራ!» አሉ። ስንት ሳምንት እምቢ ያለው ባስ ልቡ በተከፈተ ዕለት ተከፈተ፤ ይህን ለምእመናኑ ሁሉ እናገራለሁ አሉ። ባለቤቴ «ጋሼ፣ እንዲያ አይደለም» ሊል አፉን ሲከፍት ደረታቸው ውስጥ አስገብተው አቀፉት። ከዚያ ያን ነገር ባይሉ ምን ነበረበት? ወፍራም ድምፅ የነበረው ወንድማችን ሥራ ሌላ ከተማ ወስዶት ከሥር ባዶ ከቀረን ቆየን፤ እናትህ እንደነገሩኝ ድምፅህ ከሆነ ከፊታችን ሳምንት ጀምሮ መሀላችን ትቆማለህ አሉት። የባለቤቴን ፊት አየሁት፤ የሱቅ መስታወት ላይ ተለጥፎ የልደት ኬክ የሚያይ ልጅ ፊት ነው። መሀላቸው ቆሞ፣ ሴቶቹ ሲወጡ እሱ ከሥር ሲገባ ታየው መሰለኝ። ሰውየው ስፒከሩን በጋሪ አስጭነው ሲሄዱ ባለቤቴ ባዶውን ጠረጴዛ በጨርቅ ይጠርግ ጀመር፣ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲጠርግ ዋለ። «ምን ልትል ነው ታዲያ?» ብለው ጨርቁን አጥፎ መጥረጉን ቀጠለ። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ሊዋሽ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

ማታ ቤት ስንደርስ ሳሎኑ ሳሎናችን አልመስል አለኝ። ወንበሮቹ ዞረዋል፣ መጋረጃው ታጥቧል፣ ለእንግዳ እንጂ ለእኛ የማይወጡት ብርጭቆዎች ወጥተዋል። እማዬ ለሰርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለብሳ፣ ውድ ብስኩት በሰሃን ደርድራለች፤ ያን ብስኩት ዋጋው ስለሚያቃጥላት ከሱቅ መደርደሪያ ላይ አንስታ መልሳ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ጋሽ ቀስ-በሉ ከራባት አስረው ደረሱ። ባለቤቴን መሀል አስቀመጡት። እማዬ አጠገቡ ሆና እጁን ያዘችው። እንዲህ ደስ ብሏት ያየኋት አባቴ በሕይወት ሳለ ነው። ሰውየው ጉሮሯቸውን ጠርገው «እስቲ ወንድሜ፣ ልብህ የተነካበትን ሰዓት ንገረን» አሉ።

ባለቤቴ ብስኩት አነሣ። በልቶ ዝም ሊል ነው ብዬ ተነፈስኩ። መልሶ አስቀመጠው። «እማማ» አለ፣ ወደ ሰውየው ሳይሆን ወደ እሷ ዞሮ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ። ጠዋት የሰሙት መዝሙሩን ስለምወደው ነው። አላመንኩም። ልዋሽዎ ቀኑን ሙሉ አሰብኩ፣ አልቻልኩም።» በዚህ ይበቃው ነበር፣ ግን እሱ አንዴ እውነት ከጀመረ ገደብ የለውም፤ ስፒከሩም ዛሬ የተሠራ አይደለም፣ ገና በመጣ በሁለተኛው ቀን ተሠርቷል፣ ከመዝሙሩ ጋር መለያየት አቅቶኝ ነው ባሱ ይቀረዋል ስል የከረምኩት ብሎ ተአምሩንም አፈረሰው።

ጋሽ ቀስ-በሉ ተነሡ። ምእመናን ሙሉ ወር ሳይሰሙ ተቀምጠው እሱ ሱቁ ውስጥ ሲዝናና ከርሟል አሉ፤ ሳያምኑ «አንተ በደጄ ነህ» ማለት ደግሞ በስሙ ማላገጥ ነው አሉ። እማዬ እጁን ለቀቀች። ፊቷ ጠቆረ፣ ቁጣው ሊመጣ ነው ብዬ ትከሻዬን ሰበሰብኩ። ከዚያ ከሆዷ አንድ ድምፅ ወጣ። ሳቅ ነው። ሻሿ ወደ ኋላ እስኪንሸራተት ሳቀች። «እኛ ኋላ ወንበር ላይ የሰው አፍ ስናይ» ትላለች፣ ሳቁ ያቋርጣታል፣ «እሱ ለካ መጋረጃ ውስጥ ይዞት ተቀምጦ...» አልጨረሰችውም። ሰውየው «እማማ፣ ይሄ የሚያስቅ ነገር አይደለም» አሏት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ይህን መዝሙር ለመስማት የዋሸ ሰው ከናንተ መሀል አለ? የኔዋ ልጅ እንኳ ተኝታ ነው የምትሰማው።»

ሰውየው ደንብ ደንብ ነው፣ መሀላችን መቆም አይችልም አሉ። እማዬ ልክ ነህ፣ አይቁም አለቻቸው፤ ዕድሜዋ ስለሚበልጥ አንተ ነው የምትላቸው። ግን አላገጠ አትበለኝ፣ ሊያላግጥ ቢፈልግ ብስኩቴን በልቶ አሜን ይለኝ ነበር፣ አንተም ጥምቀቱን ትደግስ ነበር አለች። ጋሽ ቀስ-በሉ እጃቸውን እንደ ልማዳቸው ወደ ታች እየተጫኑ «ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን» ብለው ወጡ፤ ከራባታቸው ወደ ጎን ዞሮ ነበር።

በሩ ሲዘጋ ሳቋም አብሮ ሄደ። እማዬ ተቀመጠችና አሁን ከምሯ አለቀሰች። ባለቤቴ የሚገባበት ጠፍቶት ጉልበቱን ያሻል። «አዝኛለሁ» አለችው። «ያለፈልኝ መስሎኝ ነበር። ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ የምለምነው ላንተ ነው፤ ለሷ እንኳ እንዲያ ለምኜ አላውቅም።» እሱም አንገቱን ደፍቶ «አውቃለሁ እማማ። በግድግዳው ይሰማኛል» አላት። ያ የማውቀው ዝምታ ሲመጣ ተሰማኝ፤ ሳሎኑን ሊሞላው፣ ነገ ጠዋት ሻዩ ላይ ሊቀመጥ፣ እኔንም መልሶ ሥራዬ ላይ ሊያስገባኝ። ሳይቀድመኝ ልቅደመው ብዬ በልማዴ መሀል ገባሁ። «እማዬ ማለት የፈለገችው...» ብዬ ጀመርኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አለችኝ።

ከዚያ አፍንጫዋን ተናፍጣ ወደ እሱ ዞረች። «አዝማቹ ላይ ትቸኩላለህ» አለችው። «ጠዋት ሰምቼሃለሁ። ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ሳይጨርሱ ትገባባቸዋለህ።»

ባለቤቴ ቀና አለ። «የቱ ጋ?» አለ። ጠጋ ብሎ ነው የጠየቀው፣ የተበላሸ ነገር ድምፅ ሲያዳምጥ እንደሚጠጋው።

የቱ ጋ እንደሆነ በዜማ አሳየችው። ድምፅዋ ያረጀ ነው፣ ላይኛው ላይ ሲደርስ ይሰነጠቃል፣ ግን አወጣችው። «ዘይቴ ቢያልቅብኝ» ብላ ስትጨርስ አንድ ጣቷን ዘርግታ፣ ቆይ፣ አለችው። ቆየ። ትንፋሿ ሊያልቅ ሲል ጣቷን አወረደች፣ እሱም ከሥር ገባ። እማዬ ማልቀሷን አላቆመችም፤ እያለቀሰች ነው የዘመረችው፣ አላመነልኝም እያለች በልቧ። እሱም አላመነም። እኔ የማምነው ግጥሙን ሙሉውን ስለማላውቀው አብሬያቸው ልገባ አልቻልኩም፣ በዚያ ላይ ዝም በይ ተብያለሁ። በሕይወቴ ዝም በይ ተብዬ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ወንበሬን ወደ ግድግዳው አስጠግቼ ተቀመጥኩ፤ እንቅልፌም አልመጣም።